ዘፈኑ ማለቁን ያላወቀችው ሴትዮ

ቨርሊን የመጀመሪያዋን የብቻ አልበም ስታወጣ ከኋላዋ ስድስት አሮጊቶች ነበርን። "የብቻ" ያሉት ከወንድሟ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ዘፍና ስለተለየችው ነው እንጂ፣ በመጨረሻው ዘፈን ላይስ ብቻዋን አልነበረችም። እኔ አክስቷ ነኝ፤ ኦርፋ እባላለሁ። በዚያ ዘፈን ከሁሉም ኋላ የሚሰማው ድምፅ የእኔ ነው።

እኛ የላረል ፎርክ መንደር ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመሣሪያ አንዘምርም። አውራጁ አንዱን ስንኝ ፈጠን አድርጎ ያወርዳል፤ እኛ ደግሞ ያንኑ ስንኝ እየጎተትን፣ እያንዳንዳችን ጉሮሯችን እንደመራን እንቀበላለን። እኩል መጨረስ የሚባል ነገር የለም። ቨርሊን ስለ እናቷ፣ ማለትም ስለ እህቴ፣ የጻፈችው ግጥም እንደዚያ እንዲዜም ፈለገች። ልንቀዳ ስንገባ ከስድስታችን አንዷ ሉሪንዳ "ጊታሩ ክፍሉ ውስጥ ካለ አፌን አልከፍትም" ስላለች የቨርሊን ጊታር ወጥቶ መኪና ውስጥ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ብቻ ተቀዳን። ሉሪንዳ አለቀሰች፤ እኔም አላፍርበትም፣ አለቀስኩ።

ከዚያ የከተማው ጋዜጣ ወጣ። ሃያሲው ዘጠኙን ዘፈኖች እስኪበቃው አሞገሰ። ስለ አሥረኛው ግን እንዲህ ሲል ጻፈ፦ "አጃቢዎቹ ዘግይተው ይደርሳሉ። አንዲት ሴትዮማ ዘፈኑ ማለቁን እንኳ አላወቀችም።"

ቦሎቄ ጥጄ ነበር ያነበብኩት፤ አረረ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ስዘምር አንድም ሰው ዘገየሽ ብሎኝ አያውቅም። ተናደድኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን አፈርኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከንፈሬን ብቻ ሳንቀሳቅስ ዋልኩ።

ሰኞ ከአሳታሚው ድርጅት ፕሬስተን የሚባል ሰው ለቨርሊን ደወለ። እኔ ቤት ስለነበረች እንድሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገችው።

"ሁለተኛውን ዙር ከማሳተማችን በፊት ድምፆቹን በማሽን እናስተካክላለን" አለ። "እኩል ይገባሉ፣ እኩል ይወጣሉ። የመጨረሻዋን ሴትዮ ደግሞ እናጠፋታለን።"

"የመጨረሻዋ ሴትዮ አጠገቤ ናት" አለችው።

እሱ ጉሮሮውን ጠረገና "ካልተስማማሽ ሁለተኛ ዙር የለም። ቅዳሜ በፍርድ ቤቱ ግቢ ለምታቀርቢው የዘፈን ዝግጅት ስመጣ መልስሽን እሰማለሁ" አለ።

ስልኩ ሲዘጋ "ያጥፉኝ" አልኳት። "ስንት ዓመት የለፋሽበትን በእኔ ድምፅ አታበላሺ።"

"አክስቴ፣ አብደሻል እንዴ?"

"አላበድኩም። አርጅቻለሁ።"

"እሱማ ድሮም የታወቀ ነው" ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ ቀላ። "እማዬ ስትቀበር ሁሉም ጨርሶ ወደ መኪናው ሲሄድ አንቺ ገና እየዘመርሽ ነበር። ዘፈኑን የጻፍኩት በዚያ ምክንያት ነው። አንቺን ካጠፉ ምን ቀረኝ?"

እንዲያም ሆኖ ቅዳሜ ላለመሄድ ወሰንኩ። ሉሪንዳ ግን በሰማንያ አራት ዓመቷ ደረጃዬን ወጥታ በራፌ ላይ ቆመች።

"ኮትሽን ልበሺ" አለችኝ። "ያ ጋዜጠኛ የት ሊደርስ ነው እንዲህ የሚቸኩለው?"

"እኔ ቢቀርብኝ ይሻላል።"

"አንቺ ከቀረሽ መጨረሻ የምሆነው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ትንፋሽ የለኝም። ተነሺ!"

የፍርድ ቤቱ ግቢ ሣር ላይ ሕዝቡ የየራሱን ወንበር ይዞ መጥቶ ነበር። ፕሬስተን አዲስ ቦት ጫማ አድርጎ ከፊት ቆሟል። ቨርሊን ዘጠኙን ዘፈኖች ዘፈነች። ከዚያ ጊታሯን ከአንገቷ አውልቃ ከመድረኩ ኋላ ላከችውና እኛን ጠራችን። ከኪሷ የጋዜጣ ቁራጭ አወጣች። ዘፈኗን ትጀምራለች ብለን ስንጠብቅ፣ ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ አውራጅ ፈጠን አድርጋ አወረደች፦

"አጃቢዎቹ ዘግይተው ይደርሳሉ!"

እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሉሪንዳ ቀድማ ተቀበለች። እኛም ተከተልናት፤ እየጎተትን፣ እያዞርን፣ እያንዳንዷን ፊደል እያሸን። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ እዚህም እዚያም ከወንበሩ የሚነሳው በዛ። እናቶቻቸው እንደዚያ ሲዘምሩ እየሰሙ ያደጉ ናቸውና ማንም ሳያዛቸው ተቀበሉ። መቶ ሰው የዜማው መቶ ቦታ ላይ ደረሰ። የሃያሲው ስድብ እንዲህ ያለ ዜማ ይወጣዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ፕሬስተን ወደ መድረኩ ተጠጋ። "መልስሽ ይሄ ነው?"

"ቆይ፣ ገና ሁለተኛው ስንኝ አለ" አለችው ቨርሊን።

አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ የአልበሙ ሁለተኛ ዙር አልታተመም። እሷም ያን ጊዜ ይህን ጠንቅቃ ታውቅ ነበር። ጀርባዋን ለሰውየው ሰጥታ ወደ እኔ ዞረችና አወረደች፦

"አንዲት ሴትዮማ ዘፈኑ ማለቁን እንኳ አላወቀችም!"

ተቀበልን። ሉሪንዳ ትንፋሿ አልቆ አቆመች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ጨረሱ። ሕዝቡም ጨረሰ። ፕሬስተን ሰዓቱን አየ። ማለቁን አውቃለሁ፤ በደንብ አድርጌ አውቃለሁ። አየር ሳብኩና ቀጠልኩ።