ለአቶ አካሉ ሽማግሌዎች የሰጠሁት መልስ

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከየካ ሚካኤል ወደ ቤቴ መጡ። ሦስት ነበሩ። እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ልጄ ናዝራዊት ጓዳ ገብታ ከመጋረጃው ጀርባ ታዳምጣለች።

«አምለሰት፣ ናዝራዊትን ለባሮክ እንድትሰጭን ነው የመጣነው» አሉ ትልቁ፣ አቶ ዘመንፈስቅዱስ።

ባሮክን አውቀዋለሁ። ከልጄ ጋር እንጦጦ ፓርክ ነው የሚሠራው፤ ጨዋ ልጅ ነው። በልቤ እሺ እንዳልኩ አቶ ዘመንፈስቅዱስ የልጁን ቤተሰብ ማስረዳት ጀመሩ።

«አባቱ አቶ አካሉ ይባላል፤ ቤቱ ወሰን ሰፈር ነው። ድሮ በእናንተ አገር የድርቅ ዝግጁነት ኃላፊ ነበር። አሁን እዚሁ ዋናው መሥሪያ ቤት ከፍ ብሏል።»

ያ ሰው ነው።

ዝናቡ እንደሚቀር በታወቀበት ዓመት የአገራችን ሽማግሌዎች ባለቤቴን አምባዬን ይዘው ቢሮው ሄደው ነበር። ከብቱ ሳይደክም መኖ አስቀምጡልን፣ ኩሬው ሳይደርቅ ሮቶ ተክላችሁ ውሃ ሙሉልን አሉት። አቶ አካሉ «ድርቅ ገና አልታወጀም። አጥኚ ቡድን ይላካል፤ ሂዱና ጠብቁ» ብሎ መለሳቸው። ቡድኑ ሲመጣ ያገኘው የከብት አጥንት ነበር። የውሃ ቦቴው የደረሰው ትንሹ ልጄ ነአምን የኩሬውን ጭቃ ጠጥቶ ከሞተ በኋላ ነው። አምባዬም ልጁን ቀብሮ ብዙ አልቆየም። እኔ ናዝራዊትን ይዤ እህቴ ዘንድ፣ እዚህ መጣሁ።

«ለአቶ አካሉ ይንገሩልኝ» አልኩ። «ሠርግ ገና አልታወጀም። አጥኚ ቡድን እልካለሁ፤ ይጠብቁ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ደግ አይደለምና ወጉን ያደረስኩ መሰላቸው። እሱ ግን እንደሚገባው አውቃለሁ። ሲነግሩት ፊቱን ባየሁት ብዬ ተመኘሁ።

እነሱ እንደወጡ ናዝራዊት መጣች። «እማዬ፣ ምን ነካሽ? የምን ቡድን ነው?»

ነገርኳት።

«ባሮክ እኮ ያኔ ልጅ ነበር» አለች።

«ነአምንም ልጅ ነበር» አልኳት።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ አልሳቁም። «ገብቶታል» አሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ። «ካሳ ከፈለግሽም…»

«ካሳ አልፈልግም። ያኔ የተጠየቀውን ያድርግ። ዘንድሮም ዝናቡ ያጥራል እየተባለ ነው። ሣሩ ሳይደርቅ መኖው አገሬ ይግባ፣ ሮቶውም ይተከል። ከዚያ ልጄን እሰጣለሁ።»

ሁለተኛው ሽማግሌ አቶ ቱሉ ተቆጡ። «አንቺ ሴት፣ የመንግሥት ንብረት ጥሎሽ ይሆናል እንዴ?»

«እኔ ቤት ይምጣ አላልኩም። መኖውም ውሃውም ዕቅዳችን ውስጥ አለ እያለ በቴሌቪዥን የሚያወራው እሱ አይደል? ታዲያ ከብቱ እስኪሞት ምን ይጠብቃል?»

አቶ አካሉ «ሥራዬን በሴት ምላስ አልሠራም» አለ አሉ። ቀኑ ገፋ። ናዝራዊት አኮረፈችኝ፤ ምግብ ሳቀርብ ትነሳለች። ጥላኝ ብትሄድስ እያልኩ ፓርኩ በር ድረስ ወጥቼ ከሩቅ አይቻት እመለስ ነበር።

«እሱን ቀጣሁ ብለሽ እኔን እየቀጣሽኝ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ልቤ ግን አልራራም። ባሮክ ታሪኩን ከሰማ ወዲህ አባቱን ማናገር እንዳቆመ ስትነግረኝ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደስ አለኝ። አቶ አካሉ ልጁ ፊት ነስቶት ብቻውን ሲበላ እያሰብኩ እኔ በደንብ በላሁ።

አንድ ቀን የአምባዬ ወንድም ጌድዮን ከአገር ቤት ደወለ።

«አምለሰት፣ መንግሥት አብዷል! ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ሳለ በመኪና ሣር ያራግፋል። ሰው ሁሉ ይስቃል።»

«ይሳቅ። ሮቶስ ተከሉ?»

«ተክለው ሞልተውታል። ምን ታይቷቸው ነው?»

«መኖውን ቆርቆሮ ሥር አስገቡት፤ ዝናብ እንዳይነካው።»

«የቱ ዝናብ? ከቆመ እኮ ሰነበተ» አለ ጌድዮን። ሳቁ አለቀ።

በሦስተኛው ጊዜ አቶ አካሉ ራሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣ። ሸብቷል። ሣር ባለበት አገር ሣር ላከ ተብሎ መሥሪያ ቤቱ መሳቂያ እንደሆነ አቶ ቱሉ ነገሩኝ። እሰይ አልኩ፣ በልቤ።

«ያልሽውን ፈጽሟል፤ አንቺም ቃልሽን ፈጽሚ» አሉ አቶ ዘመንፈስቅዱስ።

«ናዝራዊትን ለባሮክ ሰጥቻለሁ» አልኩ። ጓዳ ውስጥ ልጄ ስታለቅስ ሰማኋት።

«በሉ እንግዲህ፣ ይቅር ተባባሉ» አሉ። አቶ አካሉ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። ወደ ኋላ አልኩ።

«እኔን አይደለም። ሠርጉ ሳይደርስ የነአምን መቃብር ሄደው ይቅርታ ይጠይቁ።»

«ሩቅ ነው እኮ፤ ደም ግፊትም አለበት» አሉ አቶ ቱሉ።

«መኪና ይገባል። እኛ በእግራችን ነው የወጣነው።»

አቶ አካሉ እንደጎነበሰ ቀና ብሎ አየኝ። «መቃብሩን ማን ያሳየኛል?»

«ያገኙትን ሰው ይጠይቁ» አልኩት። «እዚያ እርስዎን የማያውቅ የለም።»