አንድ ሚሊዮን አሥራ ስምንት ሺህ ሰማንያ አንድ

አባዬ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። ትምህርቱን ከአራተኛ ክፍል ስላቋረጠ ቁጥርን የተማረው ወለል ላይ ተንበርክኮ ነው። “አሥራ ሁለት ሴራሚክ ስጡኝ፣ ሦስት በአራት አነጥፍላችኋለሁ። አሥራ ሦስት ከሰጣችሁኝ ግን አንድ መስመር ብቻ ነው” ይል ነበር። እንደ አሥራ ሦስት ያለውን፣ ከአንድና ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የሌለውን፣ ብቸኛ ቁጥር እንደሚሉት ቆይቶ ሰማ።

በመጨረሻው ዓመት 1,018,081ን መፈተሽ ያዘ። ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ “ማንም አያካፍለውም። መቃብሬ ላይ እንዲሁ ብላችሁ ጻፉልኝ” አለን።

ድንጋይ ቀራጩ የመቃብሩን ጽሑፍ የሚጀምር ዕለት ጠዋት የአባዬን ደብተር ገለጥኩ። ናፍቆኝ እንጂ ልፈትሸው አልነበረም። በሁለት፣ በሦስት፣ በአምስት፣ በሰባት እያለ አካፍሎ ከየአጠገቡ ቀሪውን ጽፏል። የመጨረሻው አካፋይ 997፣ ቀሪ 144። ከሥሩ፣ “ሺህ በሺህ ሚሊዮን ነው፤ ይበቃል። ትርፏ ትቆረጣለች” ይላል።

ባር ባር አለኝ። ጥግ ላይ የተረፈ ሴራሚክ ይቆረጣል፤ ቁጥር ግን አይቆረጥም። “አካፋዩ በራሱ ተባዝቶ ቁጥሩን እስኪያልፍ አታቁሚ” ብሎ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ሺህ በሺህ ደግሞ አላለፈውም።

“ጋሼ፣ አባዬ ሳይጨርስ አቁሟል” አልኩት ታላቅ ወንድሜን።

“አንቺ ደግሞ! ማን መቃብር ላይ ቁጭ ብሎ ያካፍላል?”

“እሱ ያካፍል ነበር።”

ሳቅ አለና ፊቱን አዞረ። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ስህተቱን ደረቱ ላይ ተሸክሞ ሊተኛ ነው።

ከሺህ በላይ የቀረው ጥቂት ነው። ተጋማሾቹን ሁለት ያካፍላቸዋል፣ 1001ን ሰባት፣ 1003ን አሥራ ሰባት፣ 1005ን አምስት፣ 1007ን አሥራ ዘጠኝ፤ በእነዚህ አባዬ ሞክሯል። የቀረው 1009 ብቻ ነው። አካፈልኩ። ድርሻው 1009፣ ቀሪው ዜሮ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። አንዲት እርምጃ ሲቀረው ነው ያቆመው።

ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ወደ መቃብሩ ሮጥኩ። ቀራጩ ቁጥሩን ቀርጾ ጨርሷል፤ ከሥሩ “ማንም አያካፍለውም” የሚለውን በጠመኔ ጽፎ መሮውን ደግኗል።

“ተው! እንዳትነካው!”

“ቀስ በይ እህቴ፣ ደንበኞቼን ትቀሰቅሻለሽ” አለኝ። ፊቴን ሲያይ ግን መሮውን አስቀመጠ። “ቁጥሩ ተሳስቷል እንዴ?”

“ቁጥሩ ደህና ነው። ቃሉን ጥረግልኝ።”

በእጅጌው ጠረገው። “ባዶውን ምን ላድርገው ታዲያ?”

1009 ሴራሚክ ወዲህ፣ 1009 ወዲያ፣ አንድም ሳይቆረጥ። አባዬ ዕድሜ ልኩን እንዲህ ያለ ክፍል ገጥሞት አያውቅም፤ ሁሌም ጥግ ላይ ይቆርጥ ነበር።

“አራት ማዕዘን ቅረጽበት፤ ጎኖቹ ሁሉ እኩል ይሁኑ” አልኩት።

ሁለቴ ለካ። አላመንኩትም፤ ሜትሩን ተቀብዬ እኔም ለካሁ።