ከኤልዶሬት የመጣው ትእዛዝ

ሽማግሌው ሎክዋንግ ማክሰኞ ጠዋት ፔኒሲሊን በተወጉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ፊታቸው አብጦ ትንፋሽ አጠራቸው። ሲስተር አጂኮን ማርከሻውን ይዛ ባትደርስላቸው ኖሮ ከዚያች አልጋ አይነሱም ነበር። እሳቸው ተረፉ። በናፔይኮር ሆስፒታል ግን ሰው ሰውን በጎሪጥ ያይ ጀመር።

ፔኒሲሊኑን የወጋችውም ራሷ አጂኮን ናት። ያዘዙት ደግሞ ኤልዶሬት ከተማ ተቀምጠው በኢንተርኔት ስልክ በሽተኛ የሚያዩት ዶክተር ኪፕሮኖ ናቸው። ዶክተሩ፣ «አትስጧቸው ነው ያልኩት! እንደማይስማማቸው ከፋይላቸው አንብቤ ነው የከለከልኳት» አሉ። አጂኮን፣ «ስጧቸው ነው ያሉኝ፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» ብላ ማለች። ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ማዳም አሩፔ የኔትወርክ ባለሙያውን ኤሴኮንን አስጠሩት።

«መስመሩ ደህና ነው አይደለም? ቁርጡን ንገረኝ።»

ኤሴኮን ላፕቶፑን ከፈተ። ሆስፒታሉ የገዛው መስመር አቅሙ በሰከንድ አሥር ሜጋ ነው፤ የማክሰኞ ጠዋቱ ግራፍ ግን ከአራት አልዘለለም።

«ግማሹን እንኳ አልተጠቀምንም ማዳም። መስመሩ ደህና ነው።»

ማዳም አሩፔ አጂኮንን እስኪጣራ ድረስ ከሥራ አገዷት። ኤሴኮንም በልቡ፣ ሁለት ፈረቃ ደርባ ስለነበር ደክሟት ተሳስታ ነው፣ አሁን ልትሸፍነው ነው አለ። በማግስቱ ሻይ ቤት ውስጥ አይቷት ወደ ሌላ ጠረጴዛ ሲዞር ተከትላው መጣች።

«ምነው፣ ተላላፊ በሽታ ያዘኝ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አላልኩ።»

«ዓይንህ ብሏል። ግራፍህን አመንክ፣ እኔን አላመንክም። ለመሆኑ ያንን ጥሪ አንድ ቀን ሰምተኸው ታውቃለህ?»

አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ከተረኛዋ ነርስ ጎን ተቀመጠ። የዶክተሩ ሰላምታ ጥርት ብሎ ገባ። ቀጥሎ፣ «ሽማ… እን… አደሩ?» ኤሴኮን ማዳመጫውን አወለቀ። ከ«አትስጧቸው» ላይ ያቺ «አት» ብትወድቅ ምን እንደሚቀር ለማወቅ አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም።

ወዲያው መስመሩን ወደሚያከራየው ድርጅት ደወለ። ስልኩን ያነሳው ቼሩዮት የሚባል ቴክኒሻን ነው።

«የኛን መስመር ለሌላ እየሸጣችሁ ነው አይደል?»

«ተው እንጂ ወንድሜ! አሥር ገዛችሁ፣ አሥር ሰጠናችሁ። የሚገባና የሚወጣው ተደምሮ ከአሥር ያለፈውን እንጥላለን፤ ውላችሁ ላይ አለ።»

«እኛ እኮ ከአራት አላለፍንም!»

«በስንት በስንት ደቂቃ ነው የምትለካው?»

በአምስት በአምስት ደቂቃ ነበር፤ ግራፉ የሚያሳየው የዚያን አማካይ ነው። ኤሴኮን ሰከንዱን ለመቶ ከፍሎ ይለካ ጀመር። ያኔ ታየው። የራጅ ክፍሉ ምስል በላከ ቁጥር የግቢው ገመድ ከውጪው መስመር መቶ እጥፍ ስለሚፈጥን ሁሉን ባንዴ ይዘረግፈዋል። ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከአሥር እጅግ ያልፋል፤ ከዚያ ወዲያ ጸጥ ይላል። ትርፉ በድርጅቱ ደጅ ላይ ሲጣል ምስል ነው ድምፅ ነው ብሎ የሚለይ የለም። የወደቀ ምስል ተመልሶ ይላካል፤ የወደቀ ድምፅ ግን ቀረ።

የራጁን ማሽን ከጥሪው መስመር ጋር ያገናኘው ማነው? ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ራሱ ኤሴኮን።

በሩን ዘጋ። ከሱ በቀር ይህን ማንበብ የሚችል ሰው ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። በዝምታ ቢያስተካክለው ማን ያውቃል? ይህን ማሰቡ ራሱን አስደነገጠው።

በሆስፒታሉ መሣሪያ ላይ የሚወጣውን ሁሉ ዘጠኝ ሜጋ ላይ ገታው፤ ድምፅ ሁልጊዜ ቀድሞ እንዲያልፍ፣ ምስል ተራውን እንዲጠብቅ አደረገ። ከዚያ አሥር ራጅ ባንዴ አስልኮ ጥሪውን ሰማ። አንዲት ቃል አልወደቀችም።

ለማዳም አሩፔ አንዱንም ሳይደብቅ ነገራቸው።

«ደህና ነው ብለኸኝ አልነበር?»

«ግራፉን አይቼ ነው ማዳም። ጥሪውን አልሰማሁም ነበር።»

ማዳም አሩፔ አጂኮንን አስጠርተው እገዳዋን አነሱ፤ ዶክተር ኪፕሮኖም ነገሩን በስልክ ሰሙ። «ሲስተር አጂኮን፣ ውሸታም ብዬሻለሁ። ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ ያዘዝኩትን ነርሷ ደግማ ሳታሰማኝ መርፌ አይነሳም።»

አጂኮን ይቅርታውን ተቀበለች። ወደ ኤሴኮን ዞራ ግን፣ «የአንተን እዚህ አልቀበልም» አለችው። «ስሜ የጠፋው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ነው።»

ዓርብ ጠዋት ሠራተኛው ተሰብስቦ ሳለ ኤሴኮን ተነስቶ ጥፋቱ የራሱ መሆኑን ተናገረ። አጂኮን እስኪጨርስ ሰማችው፤ ከዚያ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ የሎክዋንግን የደም ግፊት ልትለካ ሄደች።