ለእትዬ ላፕቶፕ የሚሆን ቻርጀር

«ቆይ እስቲ፣ ሰው ለለቅሶ ነው የመጣው ወይስ ሱቅ ሊከፍት?» አለች አክስት፣ ጎረቤታቸው ነርሷ ከቦርሳዋ ቻርጀር ስታወጣ አይታ።

ጠረጴዛው በቻርጀር ተሞልቷል። ጥፋቱ የሟቿ የእትዬ ወንድም ነው። ትናንት ወደ ነርሷ ጠጋ ብሎ፣ «የእትዬ ላፕቶፕ ቻርጀሩ ተቃጥሎ አልከፈት አለኝ» ብሏት ነበር። በዚህ ቤት የተንሾካሾኩት ነገር አያድርም። ዛሬ ሊያጽናና የመጣው ሁሉ ቻርጀር ይዞ መጣ፤ አንዱማ የጢም መላጫ ቻርጀር ነው ያመጣው። እትዬ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳቀው ያኔ ነው።

ወንድምየው ግን አልሳቀም። ዓይኑ ጥግ ላይ የተቀመጡት ጡረተኛው ጠበቃ ላይ ነበር። ጋሼ ጠበቃ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ለቅሶ በደረሱበት ቀን እያፈሩ፣ «ልጄ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የመጽሐፉን የመጨረሻ ምዕራፍ በድምፅ ቀድታው ነበር?» ብለው ጠይቀውታል። ቀድታዋለች። ያለው ግን እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው።

እትዬ በሕይወት ሳለች ከሥራ መልስ ቁም ሣጥን ውስጥ ትገባ ነበር። ልብሱ የውጭውን ድምፅ ይውጥላታል። በሩን ዘግታ፣ ማየት ለማይችሉ ሰዎች መጽሐፍ እያነበበች ትቀዳለች። ላብ በላብ ሆና ስትወጣ፣ «ምናለ ማራገቢያ ብታስገቢ?» ይላታል ወንድሟ።

«ጋሼ ጠበቃ ማራገቢያውን ይሰሙታላ! እሳቸው ታሪኩን እንጂ የኔን ሙቀት መቼ ጠየቁ?»

ለማንም ሳታወራ ዓመታት እንዲህ ሠርታለች። እንዴት ያለች ሰው ነበረች!

የነርሷ ቻርጀር ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ልክክ አለ።

«ገባ አይደል? ግድግዳው ላይ ሰካዋ!» አለች አክስት።

ወንድምየው ላፕቶፑን ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አነበበ። አሥራ ዘጠኝ ቮልት ይላል። የነርሷ ሃያ አራት ነው።

«ከየት ነው ያመጣሽው?»

«ከክሊኒኩ ፕሪንተር ነቅዬ» አለች ነርሷ።

ወዲያው ነቀለው። ቢሰካው እትዬን ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀብራት ነበር። በማግስቱ ላፕቶፑን አቅፎ ጥገና ቤት ሄደ።

«ቮልቱ እኩል መሆን አለበት» አለው ጠጋኙ። «አምፒሩ ቢበልጥ ግድ የለም፣ ካነሰ ግን ይግላል። ደሞ የላላ ጫፍ እንዳትወስድ።» አንዱን ሰክቶ ነቀነቀው፣ ጣለው፤ ሌላውንም ጣለ። ወንድምየው ቸኩሎ ነበር፤ ቢሆንም ታግሦ ጠበቀ። እትዬ ለአንዲት ቃል ስትል ገጹን ከላይ ትደግም አልነበር? ሦስተኛው ሲሰካ ትንሿ መብራት በራች፣ ሲነቀነቅም አልጠፋችም።

ቤት ሲመለስ ጋሼ ጠበቃን አጠገቡ አስቀምጦ ከፈተው። ድምፅዋ ክፍሉን ሲሞላው አክስት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እትዬ ታነባለች፤ ስትሳሳት አንዴ ታጨበጭባለች፣ ከዚያ ከላይ ትጀምራለች።

«ጭብጨባው ምንድን ነው?» አሉ ጋሼ ጠበቃ።

«የተሳሳተችበትን ፈልጋ የምታገኝበት ምልክት ነው። በኋላ ቆርጣ ታወጣዋለች።»

«ለካ ትሳሳት ነበር? እኔ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።»

ምዕራፉ እስከ መጨረሻዋ ቃል ተነበበ። ከዚያ እትዬ ረዥም ሳል ሳለች፣ አጨበጨበች፣ በደከመ ድምፅ «መጨረሻዋን አልወደድኳትም፤ ነገ እደግማታለሁ» አለች። ቀረጻው እዚያ ላይ አለቀ።

ጋሼ ጠበቃ በመዳፋቸው ፊታቸውን ጠረጉ።

«ይህቺንም ትቆርጣታለህ?» አሉት ቀስ ብለው።

ወንድምየው እንደ እትዬ ቆርጦ ሊያወጣት መሰረዣው ቁልፍ ላይ ያሳረፈውን ጣቱን አንሥቶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።