ቀይ ክር ያለበት ወረቀት

ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ሜትሩን ከአንገቱ ስለማያወርድ ሰፈሩ «ሜትሮ» ይለዋል። ሠላሳ ሰባት ዓመት የኖርነው በሁለት ክፍል ነው፤ በፊተኛው እሱ ይሰፋል፣ በኋለኛው እኔ አበስላለሁ። የሚለየን መጋረጃ ብቻ ስለሆነ ምን እየሠራ እንደሆነ ሳላየው አውቀው ነበር። ሱሪ ሲዘመዝም የስፌት መኪናው ሳያቋርጥ ይሮጣል። ኮሌታ ላይ ሲደርስ ቆም፣ ሄድ ይላል። ደንበኛ ካናደደው ንዴቱን ፔዳሉ ላይ ይወጣበታል።

አሁን መኪናው ዝም ካለ አራት ወር ሆነው። እንዲህ ያለውን ዝምታ ከዚህ በፊትም አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ያን ጊዜ የደም ግፊት ተገኝቶበት ኪኒን ታዘዘለት፣ ጨውም ተከለከለ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጉርሻ ይጎርስና ሳህኑን ይገፋዋል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ እሱ ባይጣፍጥ እኔ ለምን እቀጣለሁ?» እያለ ይቀልዳል እንጂ እየከሳ ነበር። የራሱን ሱሪ ሁለት ጊዜ ሲያጠብ ባየው ጊዜ አንጀቴ አልችል አለ። ባለሱቁ ለግፊት ሰዎች የሚሆን ምትክ ጨው መምጣቱን ሲነግረኝ ዋጋውን እንኳ ሳልጠይቅ ጣሳውን ይዤ ገባሁ።

ልነግረው ነበር። ግን የዚያን ቀን ሳህኑን ጠራርጎ በልቶ «እጅሽ ይባረክ፤ ያለ ጨው እንዲህ የሚያጣፍጥ እጅ ከየት ይገኛል?» አለኝ። ባሌ ምስጋና የማያውቅ ሰው ነው፤ ወጡ ከጣመው ዝም ይላል፣ ካልጣመው ይናገራል። ስለዚህ ዝም አልኩ። በማግስቱ ለደንበኞቹ ሚስቴ ጨውን ከሥራ አባረረችው እያለ ሲያወራ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁ። ከዚያ ወዲያማ እንዴት ልንገረው። ጨው አይደለም ብዬ ልኬቱንም ተውኩት፤ በሾርባው፣ በባቄላው፣ በተቀቀለው እንቁላል ላይ ሳይቀር በማንኪያ እነሰንሰው ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የመኪናው ድምፅ ተለወጠ። ሱሪ እየዘመዘመ መሆኑን አውቃለሁ፤ መኪናው ግን እንደ ኮሌታ ቆም፣ ሄድ ይላል። ፔዳሉ ከበደኝ፣ ዘይት አንሶት ይሆናል ብሎ ቀባው። በማግስቱም ቀባው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ መኪናው ጭራሽ ቆመ። እስኪነሳ ጠበቅሁ፤ አልተነሳም። መጋረጃውን ስገልጠው ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እግሩን እንደ ሰው ዕቃ አንስቶ ፔዳሉ ላይ ሊያስቀምጥ ይታገላል።

«እግሬ የኔ አልሆን አለ» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

ጎረቤታችን ባለታክሲው ተሸክሞ ታክሲው ውስጥ አስገባውና ጤና ጣቢያ ወሰደን። የተቀበለችን ጤና መኮንን በዕድሜ ከልጃችን የምታንስ ናት፤ እውነቱን ልናገር፣ ሳያት ትልቅ ሰው የለም ወይ ብዬ ዙሪያዬን ተመልክቻለሁ። የእጁን አንጓ ይዛ ሰዓቷን አየች። ወዲያው የልብ መመርመሪያውን ሽቦዎች ደረቱ ላይ ለጠፈች። ወረቀቱ እየተሳበ መውጣት ሲጀምር ባሌ ከትራሱ ቀና ብሎ አየው።

«ልጄ፣ ይሄ ስፌት ልክ አይደለም። ክሩ ላልቷል።»

ቀና ብላ አየችው። «እውነትዎን ነው አባቴ። ላልቷል።»

ወረቀቱን አብሯት ለሚሠራው ወንድ ነርስ አሳየችው። ጠባብ መሆን የነበረበት ሰፍቷል፤ ለስላሳ ጉብታ መሆን የነበረበት እንደ ድንኳን ሾሏል። ደም ቀድተው ላኩ። ውጤቱ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ እንደሆነና እስከዚያ መጠበቅ እንደማይቻል ለነርሱ ስትነግረው ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ጠየቀች፤ ኪኒኑን አሳየኋት። ኩላሊቱን ጠየቀች፤ ትንሽ ደክሟል መባሉን ነገርኳት። ምን እንደሚበላ ስትጠይቅ ግን የመለሰላት እሱ ነው። ያለ ጨው ነው የምበላው፣ ግን የሷን እጅ ብታዪ፣ አላት። ትንፋሹ እያጠረው እንኳ በእኔ ይኩራራል።

ወደ አልጋው ጠጋ አልኩ።

«እጄ አይደለም» አልኩ። «ምትክ ጨው ገዝቼ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ሳልለካ።»

ባሌ ዓይኑን ጨፈነ። እሷ አልተቆጣችኝም። ጣሳው ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ነገር መሆኑን ነገረችኝ። ለሌላው ሰው ላይጎዳ ይችላል፤ የእሱ ኪኒን ግን ፖታሲየምን ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ የደከመ ኩላሊትም ጠርጎ አያስወጣውም። ደም ውስጥ ሲበዛ ጡንቻ ይዝላል፣ ልብም ምቱን ይስታል። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ እጇ መርፌ እያዘጋጀ ነው።

ካልሲየም ነው አለች። በደም ሥሩ፣ በዝግታ፣ በአውራ ጣቷ ትንሽ በትንሽ እየገፋች ሰጠችው። ዓይኗ ከመርፌው ወደ ማሽኑ ይመላለሳል። ወረቀቱ ይወጣል። እኔ እግርጌ ቆሜያለሁ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ሰፊው መስመር ጠበብ አለ። እንደገና ጠበበ። ተራርቆ የነበረው ምት ተቀራረበ፣ እኩል እኩል ሄደ፣ ልክ ሱሪ እንደሚዘመዝም መኪና። ልቡን የነካው ሰው የለም። ከጣት የማይበልጥ፣ ውኃ የመሰለ ነገር ነው የገባው። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ፤ ጸሎት ላይ እንኳ እንደዚያ ቆሜ አላውቅም።

«ዳነ?» አልኳት።

«ገና ነው እናቴ። ይሄ ልቡን ደግፎ የሚያቆይልን ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ፖታሲየሙ እንዳለ ነው።»

ቀጥላ ኢንሱሊን አዘዘች። ስኳር የለበትም ብዬ እጇን ልይዝ ነበር። ለስኳር እንዳልሆነ አስረዳችኝ፤ ኢንሱሊን ፖታሲየሙን ከደም አንስቶ ወደ ሴሎች ያስገባዋል፣ ስኳሩ እንዳይወርድበት ደግሞ ግሉኮስ አብሮ ይሰጣል። ነርሱ ጣቱን እየወጋ ስኳሩን ሲለካ ዋለ። ከላቦራቶሪ የመጣው ቁጥር እሷ ከልቡ ወረቀት ላይ አስቀድማ ያነበበችውን ነው የነገረን። አየት አድርጋ ከሌላው ወረቀት ጋር አስቀመጠችው።

ከሰዓት በኋላ አንሶላው ሲንቀሳቀስ አየሁ። የቀኝ እግሩ ጣቶች ናቸው። ወደ ታች፣ ወደ ላይ። ፔዳል እየረገጠ ነበር።

ዓይኑን ገልጦ ብዙ አየኝ። «በሠላሳ ዓመት አንድ ጊዜ አመሰገንኩ» አለ። «እሱም ለጣሳ ኖሯል?»

ሳቄና ልቅሶዬ ተደባለቁ። ማታውን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩን፤ በማግስቱ ኪኒኑ ተለውጦለት ከዚያ ወጣ። ከጤና ጣቢያው ስንወጣ ጤና መኮንኗን የልቡን ወረቀት ለምኗት ነበር፤ ከማሽኑ ሌላ ቅጂ አውጥታ ሰጥታዋለች። ጣሳውን ጣልኩት። ከዚያ በኋላ ያለ ጨው፣ ያለ ምትክም በላ፤ ፊቱን እያጨማደደ፣ አንድ ቀን ሳያስታጉል «እጅሽ ይባረክ» እያለ፣ ስድስት ዓመት። ከአራት ወር በፊት የሞተው በሳንባ ሕመም ነው።

ባለፈው ሳምንት የመኪናውን መሳቢያ ከፈትኩ። ወረቀቱ ከልብስ ቁልፎቹ ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል። እንዲህ ያለው ወረቀት እየዋለ እያደረ ይነጣል ለካ፤ የልቡ መስመር ብርሃን ላይ ካልያዙት አይታይም። ሰፊው መስመር መጥበብ የጀመረበት ቦታ ላይ ግን፣ የደንበኛ ልብስ የሚጠብበትን ሲያመለክት እንደሚያደርገው፣ በቀይ ክር ሦስት ጊዜ ሰፍቶበታል።