ለአንድ አፍንጫ የሚሆን መርጫ

የልብስ ሰፊዋ ባል በሩን በርግዶ ሲገባ ቀሚስ የምታሳይበትን አሻንጉሊት ጥሎ የአሻንጉሊቷን አፍንጫ ላጠው። ጥፋቱን ሊክስ በብሩሽ ሮዝ ቀለም ቢቀባት ጭራሽ ጉንፋን የያዛት መሰለች። ደንበኛው ሁሉ ቀሚሱን ትቶ አፍንጫዋን እያየ ሲስቅ፣ ልብስ ሰፊዋ ትንሽ የቀለም መርጫ ልትገዛ ወጣች።

ባለሱቁ ትልቁን መርጫ ከነኮምፕሬሰሩ አቅፎ አመጣላት። «እትዬ፣ ይሄ አውቶብስ ይቀባል!»

«እኔ ያለኝ አፍንጫ ነው፤ እሱም በዓመት አንዴ ቢላጥ ነው። ያንን በባትሪ የሚሠራውን ትንሹን አሳየኝ።»

«እሱስ ይቅርብዎት፤ ይተፋል» አለና ሊያሳያት ቀለም ጨምሮ ሲረጭ፣ እውነትም ካርቶኑ ላይ ጢቅ ጢቅ አደረገው።

ልብስ ሰፊዋ ግን ዕድሜዋን ከመርፌ ጋር የኖረች ናት። መርጫውን ተቀብላ ፈታታችው። መሃሉ ያለችው ቀጭን መርፌ የደረቀ ቀለም ደርባለች። በቲነር ጠርጋ መልሳ ገጠመቻትና ረጨች። ቀለሙ እንደ ጉም ስስ ሆኖ አረፈ።

«አፉን ሳታጥበው እያሳደርክ ይተፋል ትለዋለህ?» አለችው። ባለሱቁ ሳቁን መያዝ አቅቶት ትንሹን ጠቀለለላት።

አፍንጫው በአምስት ደቂቃ አለቀ። ባልየው ዞር ዞር እያለ አየውና፣ «ካንቺ አፍንጫ በለጠ እኮ!» አለ።

መርጫው ውስጥ ገና ቀለም መኖሩን ያወቀው ጢሙ ሮዝ ከሆነ በኋላ ነው።