ጃርት የመሰለችው አውሮፕላን

በቡርላ ፍላት የበረራ ክበብ አንድ ሕግ አለ። የሰው አውሮፕላን ላይ አስተያየት ያለው ሰው አፉን ዘግቶ የጭማቂ መጠጫ ስትሮ ይለጥፋል። ሕጉ የወጣው ሁለት አባላት በአንድ የነዳጅ ክዳን ምክንያት ተኳርፈው ለገና እንኳ አንገናኝም ከተባባሉ በኋላ ነው። ስለዚህ ዴስ ሃሎራን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ የሠራት ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን የሬድዮ አንቴና የሚተከልላት ጊዜ ሲደርስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ የሚለው ሁሉ ከሻይ ጠረጴዛው ላይ ስትሮ እያነሳ፣ "እኔ ብሆን እዚህ ነበር" በሚለው ቦታ ላይ በፕላስተር ያቆም ጀመር። በወሩ መጨረሻ አውሮፕላኗ ጃርት መሰለች። አንዱ ስትሮማ የቆመው አፍንጫዋ ጫፍ ላይ፣ ፕሮፔለሩ በሚሽከረከርበት ቦታ ነበር። ስም አልተጻፈበትም፤ የክላሪ እንደሆነ ግን ሁላችንም አውቀናል።

የእኔ ሃንጋር፣ አውሮፕላን የማኖርበት መጋዘን፣ ከዴስ ቀጥሎ ያለው ነው። የእኔ አውሮፕላን ከተጀመረች ቆይታለች፤ እስካሁን ግን ከጅራት አላለፈችም። ጅራት ብቻ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ አለው፤ ስለዚህ "ቲያ፣ ያዢልኝ" ሲሉኝ የሰው አውሮፕላን እይዛለሁ።

ዴስ ስትሮዎቹን እያየ ይስቃል እንጂ አንዱንም አልተቀበለም።

"ቲያ፣ የቆንጆ ሴት ግንባር ላይ ምስማር ይመታል?" አለኝ አንድ ቀን።

"አይመታም።"

"በቃ። የኔዋን አንቴና ጅራቷ ውስጥ ደብቄያታለሁ። ውጪ ሆኖ የሚያያት የለም።"

ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። የአውሮፕላኗ አካል እንጨት ነው፣ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ጅራቷ ደግሞ ፋይበርግላስ። ፋይበርግላስ ለሬድዮ እንደ መስኮት መስታወት ነው፤ ያሳልፋል። አውሮፕላኗ ለራዳር የምትታይባት ሁለተኛዋ አንቴና አጭር ስለሆነች ከሆዷ ሥር ወደ ኋላ ተተክላ አልቃለች፤ በእሷ የተጣላ ሰው አልነበረም። ጣጣው ያለው በመነጋገሪያዋ ላይ ነው።

ጣጣው ደግሞ የመልክ ብቻ አይደለም። ከሁለት ክረምት በፊት ዴስ በክበቡ አሮጌ አውሮፕላን ፕሮፔለር ሊያመጣ ሄዶ ጭጋግ ያዘው። እንደምንም የሰው ማሳ ላይ በሰላም አርፎ ከገበሬው ጋር ሾርባ ይጠጣ ነበር። የአንቴናው ሽቦ ተበጥሶ ስለነበር ግን በአየር ላይ ሲጠራ የቆየው ሁሉ የትም አልደረሰም፤ ስልክም እዚያ አካባቢ አይሠራም። ሚስቱ ሬይሊን ወጥ ቤት መስኮት ላይ ከምታስቀምጠው ሬድዮ ሥር ከምሳ ሰዓት እስኪመሽ ተቀመጠች። ምጣዱ ላይ የነበረው ቋሊማ ከሰል ሆነ። ዴስ ሲመጣ አልጮኸችበትም፤ ያ ነው የከፋው።

"በራስህ አውሮፕላን፣ ከየትኛውም አቅጣጫ ድምፅህን ስሰማ ቀኝ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ በፊት አትጠይቀኝ" አለችው።

እሱም አልጠየቃትም። ብቻ የቀኙን ወንበር እሷ በመረጠችው አረንጓዴ ከፋይ ራሱ ሰፍቶ አለበሰው፤ ከላይም ፕላስቲክ ሸፈነበት። የግራው ወንበር ዘይትና የብስኩት ፍርፋሪ ጠግቧል። የቀኙ ግን ያኔም ፕላስቲኩ ውስጥ ነበር።

አንቴናዋ የምትሞከርበት ቀን ሬይሊን የእጅ ሬድዮና ቴርሞስ ይዛ፣ መኪናዋን እየነዳች ከሜዳችን ርቆ ወደሚገኘው የኬር ኮረብታ ወጣች። ዴስ ጋቢና ውስጥ ገብቶ በሬድዮ ይናገራል፤ እኔና ክላሪ አውሮፕላኗን ጅራቷን ይዘን ቀስ እያልን እናዞራለን፤ ሬይሊን የሰማችውን በስልክ ትነግረኛለች። ክላሪ ጀልባ ሠሪ ነው። ከዴስ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ስለሆኑ በደግ ቃል ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ጀምሩ። ሻዬን ቀድቻለሁ" አለች ሬይሊን።

ዴስ ማይክሮፎኑን ሲይዝ የሚለው ጠፋው። እግሩ ሥር የነበረውን የቀለም ቆርቆሮ አንስቶ ጽሑፉን ማንበብ ጀመረ። "ከሕፃናት እጅ ያርቁ። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውኃ ይታጠቡ..."

"እየተናገረ ነው?" አለች ሬይሊን።

"እያነበበ ነው" አልኳት።

"እኔ የምሰማው ጆንያ ውስጥ የገባ ድመት ነው።"

ሩብ ዙር አዞርናት። ድመቱ ዝም አለ። ግማሽ ዙር አዞርናት፤ ድመቱ አንዴ ብቻ አስነጠሰ። ዴስ መጀመሪያ በእሷ ሬድዮ ባትሪ አሳበበ፣ ቀጥሎ በባሕር ዛፎቹ፣ ቀጥሎ በኮረብታው።

"ኮረብታው ምን አደረገህ አንተ ሽማግሌ?" አለ ክላሪ። "ሴትዮዋ እኮ የተቀመጠችው አናቱ ላይ ነው!"

ዴስ ወርዶ ጅራቷን ይዞራት ጀመር። ክላሪም በጣቱ ጅራቷን መታ መታ አደረጋት፤ ከዚያ ጆሮውን አስጠጋ። ፊቱ ተለወጠ።

"ዴስ፣ ስማ። ያ ለልደትህ የሰጠሁህ ጥቁር ጨርቅ የት ደረሰ?"

"የቱ ጨርቅ?"

"የካርቦኑ ነዋ! ከውድድር ጀልባው የተረፈው። እንደ ወርቅ ጠቅልዬ የሰጠሁህ!"

ዴስ ከኪሱ ቢላዋ አውጥቶ ከጅራቷ ጠርዝ ላይ ቀለሙን የጥፍር ያህል ፋቀ። ነጩ ተነሳ፣ ግራጫው ተነሳ፣ ከሥር ከሰል የመሰለ ጥቁር ብቅ አለ። የካርቦን ጨርቅ ብርታቱ እንደ ብረት ነው፤ ሬድዮን ግን እንደ ብረት ሳጥን ነው የሚዘጋው። ዴስ ከዓመታት በፊት ጅራቷን በጓደኛው ስጦታ አጠንክሮ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ረስቶት፣ አሁን አንቴናዋን በገዛ እጁ ድስት ውስጥ ከቶ ከድኖባታል።

ክላሪ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተጋድሞ ሳቀ።

"ስጦታህን ስላከበርኩ ነው እኮ!" አለ ዴስ።

"ሌላ ጊዜ ካልሲ ነው የምሰጥህ!"

ከስልኩ የሬይሊን ድምፅ መጣ። "ልምጣ በቃ?" አለች። ድምፅዋ ላይ ቁጣ አልነበረም። ዴስ ግን ሰምቶት ትከሻው ወረደ፤ ዓይኑም አልፎ ፕላስቲክ ወደለበሰው ወንበር ሄደ።

እሷ እስክትመለስ በስትሮዎቹ ተከራከርን። ሕጉ አፍ ይዘጋል ቢልም ያን ቀን አልሠራም። ጀርባዋ ላይ ቢተከል፣ አውሮፕላኗ ወደ ላይ በወጣች ጊዜ መሬት ላይ ያለውን ሰው ክንፏ ይጋርደዋል። ሆዷ ሥር ወደፊት ቢሆን የጭስ ማውጫው ቱቦ አለ። ትንሽ ወደ ኋላ ቢባል የጎማው እግር ይከልላል። ወደ ጅራቷ ቢርቅ ደግሞ ከአጭሯ አንቴና ጋር ይጠጋጋና ይረባበሻሉ።

"ሆዷ ላይ እሾህ" አለ ዴስ፣ በራሱ እጅ የወለወለውን ሆድ በመዳፉ እየዳበሰ። "ዘጠኝ ዓመት አለስልሼ..."

"የሚሰማ እሾህ ነው ወይስ የማይሰማ ውበት?" አለው ክላሪ።

ሬይሊን ስትደርስ እንደ ልማዷ የሻይ ሰዓት ኬክ በትሪ ይዛ ነበር። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ ስትሮዎቹን አንድ በአንድ አየች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ ሃንጋር ስትገባ ስትወጣ አንድ ቀን እንኳ አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። አሁን መነጽሯን አውልቃ ሰጠችኝና መሬት ላይ ተጋደመች፤ እየተንፏቀቀችም አውሮፕላኗ ሥር ገባች። ጭንቅላቷን አንድ ቦታ ታደርግና ዙሪያዋን ታያለች፤ ከዚያ ፈቀቅ ትላለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ዴስ።

"አንቴና ሆኜ እያየሁ ነው። እዚህ ጋ ጎማው ይከልለኛል። እዚህ ደግሞ ያ ቱቦ አለ።" ትንሽ ተንፏቀቀች። "እዚህ ጋ ሁሉም ይታየኛል። የክላሪም የተቀደደ ሱሪ ሳይቀር።"

ክላሪ ሱሪውን በእጁ ያዘ። ሬይሊን እጇን ዘረጋች፤ ስትሮ ሰጠኋት፤ ለጠፈችው። ቦታው ከቀኙ ወንበር በታች፣ ጥቂት ወደ ኋላ ነበር። አጭሯ አንቴናም ከዚያ በቂ ርቀት ላይ ናት። ማንም አልተከራከረም።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። አንቴና እግሩ ሥር ሰፋ ያለ ብረት ይፈልጋል፤ የአውሮፕላኗ ወለል ደግሞ እንጨት ነው። ለዛሬ ሙከራ የሚሆን ዝርግ ቆርቆሮ ሃንጋሩን ሁሉ ፈልገን አጣን። ከዚያ ሦስታችንም ባንድ ጊዜ ትሪውን አየነው። ሰፊ፣ ዝርግ፣ ንጹሕ አሉሚኒየም።

"እንዳታስቡት!" አለች ሬይሊን።

"ለዛሬ ብቻ" አለ ዴስ።

"የእናቴ ትሪ ነው!"

"አንዲት ቀዳዳ ብቻ ናት የምናበጅለት።"

ሬይሊን ባሏን አየችው፤ ከዚያ በጋቢናው መስታወት ውስጥ ያለውን ወንበር አየች። ኬኩን እያነሳች በፎጣ ላይ ደረደረችው።

አንቴናዋን ከጅራቷ አውጥተን፣ ትሪውን ወለሉ ላይ አንጥፈን፣ በሬይሊን ስትሮ ቦታ ተከልናት። ሣር እንዳይጋርዳት አውሮፕላኗን ክላሪ ጀልባ በሚጭንበት ተጎታች ላይ ሰቀልናት። ክላሪ በፒክአፑ ቀስ ብሎ በክብ ይጎትታታል፣ እኔ ስልኩን ይዤ ከጎን እራመዳለሁ። ሬይሊን ተመልሳ ኮረብታው ላይ ናት።

ዴስ የቀለም ቆርቆሮውን አነሳ።

"ቆርቆሮውን አስቀምጠው በይው" አለች በስልክ። "የማውቀውን ነገር ከነገረኝ ጆሮዬ ራሱ ይሞላዋል። አርባ ዓመት የሰማሁት ሰውዬ ነው። የማላውቀውን ይንገረኝ፣ እኔ እደግመዋለሁ።"

ነገርኩት። ዴስ ማይክሮፎኑን አፉ ላይ አደረገ። ተጎታቹ ተንቀሳቀሰ።

"የሎሚ ዛፍሽን ያደረቀው ውርጭ አይደለም" አለ። "እኔ በመኪና ወደ ኋላ ስመለስ ገጭቼው ነው።"

"ውርጭ አይደለም፣ እሱ ነው የገጨው" አለች ሬይሊን በስልኩ። "ጥርት ብሎ ይሰማል። ከቤት እንነጋገራለን።"

ሩብ ዙር ሄድን። "እህትሽ የሰጠችኝን ሹራብ... የላሞቹ ውኃ ቧንቧ በብርድ እንዳይፈነዳ ጠቅልዬበታለሁ።"

"ሹራቡን! ጥርት ብሎ!"

ግማሽ ዙር። ዴስን ላብ አጠመቀው። "የዱባ ዳቦሽን አልወደውም። መቼም ወድጄው አላውቅም።"

በዚህ መሃል ከጋቢናው ሬድዮ ሌላ ድምፅ ወጣ፤ ከወንዙ ማዶ እህል ላይ መድኃኒት የሚረጨው አብራሪ፣ ኔቭ።

"ዴስ፣ የዱባው ዳቦ እኔም ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ግን ይሄ መስመር የአገሬው ሁሉ መስመር ነው፤ ንስሐህን ቶሎ ጨርስና ልቀቅልን።"

"ሁለቱንም ሰምቻለሁ" አለች ሬይሊን። "ኔቭን ስሙን ጻፊልኝ።"

የመጨረሻው ሩብ ቀረ፤ ጅራቷ ወደ ኮረብታው የሚዞርበት፣ ጠዋት ድመቱ ጭራሽ የጠፋበት አቅጣጫ። ዴስ ከግራ ወንበሩ ሆኖ ወደ ቀኝ አየ። ክላሪም ፒክአፑን አቆመ።

"ሬይ" አለ ዴስ። "ፕላስቲኩን ያላነሳሁት ከፋዩ እንዳይቆሽሽ አይደለም። ክላሪ ልሞክረው ብሎ ነበር፤ ከለከልኩት። ካንቺ በፊት ማንም እንዳይቀመጥበት ነው።"

ነፋሱ ሣሩን አስተኛው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ተጭኜ ጠበቅሁ። ቴርሞስ ሲከደን ሰማሁ።

"እንዲደግመው ልንገረው?" አልኳት።

"አያስፈልግም። እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ" አለች። ቀጥሎ በሬድዮው፣ አገር ሁሉ በሚሰማው መስመር፣ "ዴስ፣ የአንቴናዋ ቦታ እዚያው ይሁን" አለችው።

ዴስ የሙከራ በረራዎቹን ብቻውን ጨረሰ፤ ሬይሊንም ሁሉንም ከወጥ ቤቷ ሰማች። ሲያልቅ አዲስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ገዝቶ መጣ።

"ትሪሽን ልመልስልሽ" አላት።

"ተዋት። የእናቴ ትሪ ግን ብቻዋን አትሄድም" አለችና ቀኝ በኩል ዞራ በሩን ከፈተች። ፕላስቲኩን ራሷ ቀደደችው። ድምፁ ሃንጋሩን ሞላው። ክላሪ ምንም ቀልድ ሳይወረውር ሲቀር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔን ወጥ ቤት፣ ሬድዮው ሥር አስቀመጡኝ። አውሮፕላኗ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ወጥታ ወደ ኮረብታው ስትታጠፍ በመስኮቱ አየኋት፤ ሆዷ ላይ አንዲት እሾህ ብቻ ነበረች። ጥቂት ቆይቶ ሬድዮው ኮሽ አለና የሬይሊን ድምፅ አጠገቤ የተቀመጠች ያህል ጠርቶ መጣ።

"ቲያ፣ ምጣዱ ላይ ቋሊማ ረስቻለሁ። እሳቱን አጥፊልኝ።"

ዞር ብዬ አየሁ። ገና መቅላቱ ነበር።